ፈረንጁም ሐኪም የእኛም ሐኪም በአንድ መለኪያ ይመዘን



በዚህ መጽሔት ስለ ምግብ ቤታችን፣ ስለ መኝታ ክፍል ጥበትና ስለ ፈተና ውጤት ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ደግ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ላይ ላዩን ሲያዩት የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ታሞ የሚያውቀውን ወይም እናቱ የታመመችበትን ሰው ሁሉ የሚነካ ነው። ይኸውም አገሩ ባልሆነ አገር፣ ቋንቋው ባልሆነ ቋንቋ ሰው ለማከም የሚሰናዳ ሐኪም ምን ዓይነት ትምህርት ሊኖረው ይገባል? መለኪያውንስ ማን ያውጣ? የሚለው ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ይህ ዓይነቱ ሥራ ዛሬ «ዓለም አቀፍ ጤና» የሚል ስም ወጥቶለታል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ የሚገኙ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በዚሁ ስም የትምህርት ክፍል ከፍተው፣ ተማሪዎቻቸውንና ወጣት ሐኪሞቻቸውን ለጥቂት ሳምንታት ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ ደቡብ አሜሪካ ይልካሉ። ወደ እኛም ይመጣሉ። ከሚመጡት መካከል ከልባቸው የሚሠሩ፣ ከእኛ ጋር እንጀራ ቆርሰው፣ በተረኝነት አብረውን የሚያድሩ አሉ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንግዳን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንግዳ መቀበል የአገራችን ወግ ነው። ነገር ግን እንግዳ የተቀበለ የቤት ጌታ እንግዳው የቤቱን ሕፃን ሳያስፈቅድ መድኃኒት ሲያጠጣው ዝም ብሎ አያይም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1898 በሊቨርፑል፣ በ1899 ደግሞ በለንደን የሐሩር አገሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የለንደኑን ያቋቋመው ፓትሪክ ማንሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሲሆን ከፍ ያለ ድጋፍ የሰጠው የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ጆዜፍ ቻምበርሌን ነበር። የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ለሕክምና ትምህርት ቤት የተቆረቆረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወደ ሐሩሩ አገር የሚላኩት ሹማምንት፣ ወታደሮችና ነጋዴዎች በወባና በሌላም በሽታ እየረገፉ አስቸግረው ስለ ነበረ ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ስለ ትንኝ፣ ስለ ትላትልና ስለ ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን በሚገባ ተጠንቷል፤ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠውና በ1902 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሮናልድ ሮስ የሊቨርፑሉ መምህር ነበር። ይህ ዕውቀት ለዓለም የሰጠውን ጥቅም የሚክድ የለም።

ነገር ግን ልብ በሉ። መለኪያውን ያወጣው ላኪው ነው፤ ፈታኙም ላኪው ነው፤ ዲፕሎማውን የሚሰጠውም ላኪው ነው። የሚታከመው ሕዝብ በፈተናው ወረቀት ላይ የተጻፈው በሽታ ተሸካሚ ተብሎ እንጂ ፈራጅ ተብሎ አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ጥቂት ተሻሽሏል። የሐሩር ሕክምና ትምህርት ከ1996 ጀምሮ በሊማ፣ በፔሩ አገር፣ በሽታው ካለበት ቦታ ይሰጣል፤ የለንደኑም ትምህርት ቤት ከታንዛኒያና ከዩጋንዳ ኮሌጆች ጋር ሆኖ በምሥራቅ አፍሪካ ሲያስተምር ቆይቷል። ይሁን እንጂ ጥያቄው እንዳለ ነው። ሐኪሙ ስለ እኛ መማሩን የሚያረጋግጠው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1953 በደምቢያ ወባ ተነሥቶ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ርዳታ አግኝቶ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከፈተ። የዚህ ኮሌጅ ፍሬ ነገር ሕንፃው አይደለም፤ ጥያቄው ነው። መሥራቾቹ «በለንደን እንዳለው ያለ ሐኪም እንዴት እናወጣለን?» ብለው አልጀመሩም። «የደምቢያ ገበሬ የሚያስፈልገው እንዴት ያለ ሠራተኛ ነው?» ብለው ጀመሩ። ስለዚህም የጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን አንድ ላይ አሠለጠኑ፤ ተማሪዎቹ በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ከባላገሩ መካከል ሆነው ተለማመዱ፤ ሲመረቁም እንደ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሁሉ ተላኩ። አንዱ ያክማል፤ ሁለተኛዋ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፤ ሦስተኛው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል።

ይህን ሥልጠና በጊዜው ዝቅ አድርገው የተመለከቱት ጥቂት አልነበሩም። ሙሉ ሐኪም አይደሉም ተባለ። ሆኖም በ1971 የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር መልሱ በሥራ ታየ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺሕ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ዘመቻውን በተራራና በቆላ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ የተሸከሙት በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ ጥቂት የውጭ ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞችም አብረዋቸው ሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲሮ ደ ኳድሮስ የሚባለው ብራዚላዊ ሐኪም ነበር። የሥራው ዘዴ በገበያና በትምህርት ቤት የታማሚ ሥዕል እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ በሽታው የተገኘበትን መንደር ፈጥኖ መክበብና መክተብ ነው። ባላገሩ ከጥንት ጀምሮ ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የመክተብ የራሱ ልማድ ስለ ነበረው፣ አዲሱን ክትባት ለማስረዳት ያንን ልማድ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 ተገኘ፤ በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ደግሞ በ1977 በሶማሊያ ተገኝቶ ነገሩ አበቃ። እንግዲህ ይህን ታላቅ ሥራ የፈጸመው የላቀ ላቦራቶሪ ሳይሆን መጠየቅንና መስማትን የተማረ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ደግሞ አገሩን አለማወቅ የሚያስከትለውን ልመልከት። ዝሆኔ ሁላችንም የምናውቀው በሽታ ነው፤ በየገበያው ዳር እግሩ ያበጠ ሰው ተቀምጦ አይተናል። የሐሩር ሕክምናን ከመጽሐፍ የተማረ እንግዳ ሐኪም ይህን እግር ሲያይ ወዲያው የሚመጣለት በትንኝ የሚተላለፈው የፊላሪያ ትል ነው፤ ለዚያም የታወቀውን ኪኒን ያዛል። ነገር ግን በደጋችን የሚገኘው ዝሆኔ አብዛኛው ከትል የሚመጣ አይደለም። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕክምና ሲሠራ የኖረ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ባደረገው ጥናት በሽታው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ ገብቶ የውስጡን ቧንቧ ያቆስላል። መከላከያው ጫማ ነው፤ ለታመመውም እግርን በሳሙናና በውሃ በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰር፣ ጫማ ማድረግ ነው። የትሉ ኪኒን ለዚህ በሽተኛ አንዳች አይጠቅመውም። በአገራችን በዚህ በሽታ የሚሠቃየው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ያላነሰ ነው ተብሎ ይገመታል።

ፕራይስ ይህን ለማወቅ የቻለው በምን ምክንያት ነው? ከሌሎቹ ይልቅ ብሩህ አእምሮ ስለ ነበረው ብቻ አይደለም። ቆይቶ ስለ ኖረና የሕመምተኛውን እግር ብቻ ሳይሆን እግሩ የሚረግጠውን አፈርም ስለ ተመለከተ ነው። አራት ሳምንት ብቻ ቢቆይ ኖሮ እርሱም ኪኒኑን አዝዞ ይመለስ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የፊስቱላ ሕክምና ነው። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጅ ነርሶችን ለማስተማር፣ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ተዋውለው ነበር። ምጥ በዝቶባቸው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ ከባልና ከመንደር የተገለሉ ሴቶችን አዩ፤ አይተውም ቀሩ። በ1974 ለእነዚሁ ሴቶች የተለየ ሆስፒታል ተከፈተ። ዶክተር ካትሪን በ2020 እስከ ሞተች ድረስ ኑሮዋ ከእኛ ጋር ነበረ። በሽተኛ ሆና ወደ ሃምሊኖች የመጣችው፣ ፊደል ያልቆጠረችው ማሚቱ ጋሼ፣ በመጀመሪያ አልጋ ስታነጥፍ፣ ከዚያም በቀዶ ጥገና ስትረዳ፣ በብዙ ዓመት ልምምድ ራሷ የፊስቱላ ቀዳጅ ሆነች። ከሌላ አገር የመጡ ባለ ዲግሪ ሐኪሞች ከእርሷ እጅ ተምረዋል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፤ ለፊስቱላ የሚሻለው ዕድል የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ነው፤ የመጀመሪያው ከተበላሸ ሁለተኛው ይከብዳል፣ ሦስተኛው ይብሳል። ስለዚህ በአገሩ ይህን በሽታ አይቶ የማያውቅ ቀዳጅ ለሁለት ሳምንት መጥቶ «ልሞክረው» ቢል፣ የሚሞክረው የአንዲትን ሴት የዕድሜ ልክ ዕድል ነው። ሁለተኛ፤ ይህን በመገንዘብ የዓለም የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2011 ለፊስቱላ ቀዳጆች የሥልጠና መመሪያ አወጣ። ሠልጣኙ በደረጃ ተከፍሎ፣ የሚለካው በያዘው ዲፕሎማ ሳይሆን በዐዋቂ ዓይን ሥር በእጁ በሠራው ሥራ ነው፤ ቀላሉን ሳይጨርስ ወደ ከባዱ አይሻገርም። እንግዲህ መለኪያ ማውጣት አይቻልም የሚሉን ይህን ይዩ። ለአንድ በሽታ ከተቻለ ለሌላው የማይቻልበት ምክንያት ምንድር ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ዋርድ እንግባ። እኔ በተለማመድኩበት በአንድ ሆስፒታል፣ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም፣ በአገሩ ገና ሦስተኛ ዓመት የሆነ እንግዳ ተማሪ በቀዶ ጥገና በማዋለድ ሥራ ላይ ጓንት አጥልቆ ከሲኒየሩ ፊት ለፊት ሲቆም፣ የመጨረሻ ዓመት የነበረችው የእኛ ተማሪ ከኋላ ቆማ በትከሻው ላይ አሻግራ ታይ ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ከሩቅ መጥቷል፤ ቅር አይበለው» ተባለ። እንግዳው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ ቀምቶ አልወሰደም። ያቺ በጠረጴዛው ላይ የተኛችው እናት ግን ማን እንደሚቀዳት አልተጠየቀችም።

ይህንኑ ነገር ገልብጣችሁ እዩት። የእኛ ተማሪ ዕድል አግኝቶ ወደ አሜሪካ ሆስፒታል ቢሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ስም «ተመልካች» ነው። በሽተኛ አይነካም፤ ካርድ ላይ አይጽፍም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። የአሜሪካን ሕግ አልነቅፍም፤ በሽተኛውን ለመጠበቅ የወጣ ነውና ትክክል ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የቺካጎው በሽተኛ የሚጠበቅበት ሕግ የጅማውን በሽተኛ የማይጠብቀው ስለ ምን ነው? የሰው ሥጋ በባሕር ማዶ ይከብዳል፣ በእኛ ዘንድ ይቀላል ማለት ነውን?

በወረቀት ደረጃ ነገሩ ታስቦበታል። በ2010 ስለ ዓለም አቀፍ ጤና ሥልጠና ሥነ ምግባር የተሰበሰበ የባለሙያዎች ቡድን መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ላኪውም ተቀባዩም እኩል እንዲጠቀሙ፣ ተቀባዩ የሚያወጣው ወጪና የሚያባክነው ጊዜ እንዲታሰብለት፣ ሠልጣኙ ከመሄዱ በፊት ስለ አገሩ ባህልና ቋንቋ እንዲሰናዳ፣ ከችሎታው በላይ እንዳይሠራና ተቆጣጣሪ እንዲኖረው ይላል። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የጣሰውን የሚጠይቅ የለም፤ ጠያቂው መሆን የሚገባው ደግሞ ተቀባዩ ነው። ተቀባዩ ዝም ካለ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በአግባቡ ሲሠራ ምን እንደሚመስልም እናውቃለን። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር በአገሩ ሁሉ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ ከ11 የማይበልጡ ነበሩ። የካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየዓመቱ እየተመላለሱ፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወር ያህል እየቆየ አስተማረ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ምን እንደሚያስተምሩ የወሰነው የአዲስ አበባው ክፍል ነው፤ የመጡትም ለመማር የተላኩ ጀማሪዎች ሳይሆኑ ለማስተማር የበቁ ሐኪሞች ናቸው፤ ሲሄዱም የተዉት መድኃኒት ሳይሆን ሰው ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞቻችን ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ፤ ትምህርቱንም የራሳችን ልጆች ያዙት። እንግዲህ የእንግዳው ቆይታ አጭር ቢሆን እንኳ ተመላላሹ አንድ፣ ዓላማው አንድ፣ አዛዡ ባለአገሩ ሲሆን ፍሬ ይሰጣል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ «ሐኪም በሌለበት አገር መለኪያ ማብዛት ቅንጦት ነው፤ ማንም ቢመጣ ከምንም ይሻላል» ይላሉ። እኔም እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ያልተማረ እጅ ከምንም የሚሻል ቢሆን ኖሮ ከላይ ስለ ፊስቱላ ያነሣሁት ነገር ሁሉ ውሸት በሆነ ነበር። የተሳሳተ ቀዶ ጥገና ከምንም አይሻልም፤ የተሳሳተ ኪኒንም ከምንም አይሻልም። ይልቁንም ሌላ ጉዳት አለው፤ በእንግዳ እጅ የተበላሸ በሽተኛ ወደ መንደሩ ተመልሶ ሲናገር ጎረቤቱ ሁሉ ከሆስፒታሉ ይሸሻል። እንግዳው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ስሙ የጠፋው ሆስፒታል ግን እዚያው ይቀራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለምን?

ሁለተኛዎቹ ከግራ በኩል ይመጣሉ። «መለኪያ የሚሉት ሀብታሙ ድኻውን የሚያስወጣበት በር ነው» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከበር ነው፤ ታሪክም ይመሰክርለታል። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር ስለ አሜሪካና ስለ ካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዘገባ ጻፈ። ዘገባው ብዙ የማይረቡ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ፤ የሕክምናን ትምህርት ከሳይንስ ጋር አስተሳሰረ፤ ይህ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ለጥቁር አሜሪካውያን ከነበሩት ሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተረፉት ሁለት ብቻ፣ ሃዋርድና ሜሃሪ ናቸው። በዚያ መለኪያ ቢመዘኑ የጎንደር ጤና መኮንኖችም፣ ማሚቱም፣ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት ከ30 ሺሕ የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶችም ሁሉ ወድቀው ነበር።

ታዲያ መለኪያውን እንጣለው ማለት ነውን? አይደለም። ሚዛኑ የተሳሳተ ስለ ሆነ ገበያው ያለ ሚዛን ይቁም አይባልም፤ ሚዛኑ ይታረማል። የምንፈልገው መለኪያ ወረቀትን ሳይሆን ሥራን የሚመዝን፣ ላኪው ብቻ ሳይሆን የሚታከመው ሕዝብ የሚፈርድበት መለኪያ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ የአገሩን መለኪያም በአገሩ ሰው ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፤ እስካሁን ያልኩትን እያነበባችሁ ፈረንጁን ብቻ ስትታዘቡ ከነበረ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለዓለም አቀፍ ጤና የሚሰናዳ ሐኪም ፈረንጅ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም የምንለው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች ተወስዶ በህንድ አገር ያደገ፣ በላሆር ሕክምና የተማረ፣ በበርማ ያገለገለ ሰው ነው። ከአድዋ ድል በኋላ አገሩ ሲገባ የእናቱን ቋንቋ ረስቶት ነበር፤ የገዛ ወገኑን በአስተርጓሚ አነጋገረ፤ ከዚያም ቋንቋውን እንደገና ተማረ። በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያስጨንቅ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች በአፍሪካ ኅብረት በኩል ሄደው አገልግለዋል። በዚያ ወረርሽኝ ከ11 ሺሕ በላይ ሰው ሲሞት ብዙ የጤና ሠራተኞችም አብረው ሞተዋል፤ ስለዚህ ከመሄድ በፊት መከላከያ ልብስ የማጥለቅንና በተለይም የማውለቅን ሥርዓት መለማመድ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ከዚህም የሚቀርብ ነገር አለ። ከመካከላችን በአዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ ልጅ ተመርቆ ቦረና ወይም አፋር ቢመደብ እርሱ ለዚያ አገር ሰው ምንድር ነው? ከአዲስ አበባ የመጣ ፈረንጅ አይደለምን? ከታማሚዋ ጋር የሚነጋገረው በዘበኛው ወይም በልጇ አስተርጓሚነት ነው። እናት በልጇ አፍ ስለ ማሕፀኗ ሕመም ትናገራለችን? ቋንቋውን ያወቀ እንኳ አነጋገሩን ካላወቀ ይስታል። ከእኛ ሰው አንዱ «ልቤን ያቃጥለኛል» ቢል የሚያመው ብዙ ጊዜ ጨጓራው ነው፤ ቃሉን እንዳለ የተረጐመ ሐኪም ግን የልብ ምርመራ ያዛል። «ምች መታኝ» የሚለውን በየትኛው መጽሐፍ ያገኘዋል? እኛ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ስንማር የአንድ ብሔረሰብን ቋንቋ ለሕክምና ሥራ በሚበቃ መጠን እንድንማር ያስገደደን አለን? ብሔራዊውን የብቃት ፈተና ስንፈተን በሽተኛን በቋንቋው ማነጋገር መቻላችንን የጠየቀን አለን? የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም በ1983 ሲከፈት ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ላይ የመሠረተው ይህን ጉድለት ዐውቆ ነው፤ ሐሳቡ ግን በሁሉም ትምህርት ቤቶቻችን እኩል ሥር አልሰደደም። ከ2012 ጀምሮ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በብዛት ሲከፈቱ የቁጥሩ ነገር በጣም ታስቦበታል፤ የጆሮው ነገር ግን ያን ያህል አልታሰበበትም።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን «ዓለም አቀፍ ጤና» ሲባል የሚታየው ቪዛ የሆነበት ብዙ ነው። አልፈርድበትም፤ የደመወዙንና የዋርዱን ኑሮ አውቀዋለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2010 የጤና ሠራተኛን ከድኻ አገር ስለ መቅጠር የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቀዋል፤ ደንቡ በፈቃድ ስለ ሆነ ፍልሰቱ አልቆመም። ሀብታሞቹ አገሮች ተማሪያቸውን ለአራት ሳምንት ይልኩልናል፤ የእኛን ሐኪም ግን ለዕድሜ ልክ ይወስዱብናል። ይህን ንግድ የሚያስተካክል መለኪያ ያስፈልጋል ብል ተሳስቻለሁን?

እንግዲህ በእኔ አስተያየት መለኪያው እንደ ምድጃ በሦስት ጉልቻ የሚቆም ነው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል። የመጀመሪያው ጉልቻ እጅ ነው፤ ሐኪሙ በአገሩ ያልተፈቀደለትን በሌላው አገር አይሥራ፤ የሚሠራውንም በዐዋቂ ፊት ሠርቶ ያሳይ። ሁለተኛው ጆሮ ነው፤ የሚያክመውን ሰው ቋንቋ፣ የአካባቢውን በሽታና የሕዝቡን አነጋገር ይማር። ሦስተኛው ቆይታ ነው፤ ወይ ራሱ ይቆይ፣ ወይ ቋሚ በሆነ የሁለትዮሽ ስምምነት ተመላልሶ የሚቀር ነገር ይተው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ ፈረንጁን በአበሻ፣ አበሻውን በፈረንጅ መተካት ብቻውን አይበቃም፤ ወጡን የሚያጣፍጠው ሙያው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ጉባኤ የሚከተለውን አቀርባለሁ፤

1ኛ፤ ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን የሚመጣ እንግዳ ተማሪ በእኛ ዘንድ እኩያው የሆነ ተማሪ የሚሠራውን ብቻ እንዲሠራ፣ ከዚያም አንዲት ነገር እንዳይጨምር ፋኩልቲው በጽሑፍ እንዲደነግግ እንጠይቅ።

2ኛ፤ እንግዳውን የሚቆጣጠረው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ስሙ አስቀድሞ እንዲታወቅ፣ በመጨረሻም ለእንግዳው ውጤት የሚሰጠው እርሱ እንዲሆን፣ ውጤቱም በላኪው ትምህርት ቤት እንዲታሰብ በስምምነቱ ይግባ።

3ኛ፤ አንድ ሲመጣ አንድ ይሂድ። የሚሄደው የእኛ ተማሪም ከግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም ብቻ ሳይሆን ሕጉ በፈቀደው መጠን የሚማር ይሁን።

4ኛ፤ በሽተኛው ወይም በሽተኛዋ የሚያክማቸው ሰው ገና ተማሪ መሆኑ በሚሰሙት ቋንቋ ይነገራቸው፤ እንቢ የማለትም መብት ይኑራቸው።

5ኛ፤ እኛም ወደ ገጠር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት የምንሄድበትን አገር ቋንቋ ቢያንስ ለመጠየቅና ለማስረዳት በሚበቃ መጠን እንማር፤ በዚያ ያሉት የጤና መኮንኖችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በውጤታችን ላይ ድምፅ ይኑራቸው።

አምስተኛው ከሁሉ የሚከብደን እንደሚሆን እገምታለሁ። የአንድ ዓመት ሥልጠና ያላት የቀበሌ ሴት ስድስት ዓመት ለተማረ ሰው ውጤት ትስጥ ሲባል አፍንጫችንን ሳንነፋ አንቀርም። ነገር ግን የትኛው ቤት ጽንስ እንዳለ፣ የትኛው ሕፃን እንዳልተከተበ፣ የትኛዋ እናት አፍራ እንደ ተደበቀች የምታውቀው እርሷ ናት። ከእርሷ ልንማር ካልወደድን፣ ከእኛ ሊማር ያልወደደውን ፈረንጅ በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ በክርክር የሚጎዳ እውነት የለም። የሚደግፍ ካለ ደግሞ በሚመጣው ጉባኤ እጁን ያውጣ።

አንድ የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪ